በጋና ክረምት የማይገዙት አገር
የነገሌ ቦረናና የደቡብ ቆላ ከተሞች የወቅት ሙቀት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የደቡብ ቆላ ከተሞች የወቅት ሙቀት ነው። ርእሱ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። የመለኪያ ጣቢያውን መዝገብ ገልጦ፣ የየወሩን አማካይ አስልቶ፣ በሰንጠረዥ አስፍሮ ማቅረብ የሚበቃ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የነገሌ ቦረና፣ የያቤሎ፣ የሞያሌና የዶሎ ኦዶ ሙቀት በቁጥር ብቻ ተነግሮ የሚያበቃ ጉዳይ አይደለም። ቁጥሩን የምናስቀምጥበት መደብ፣ ማለትም «በጋ» እና «ክረምት» የምንለው የዓመት አከፋፈል፣ ለዚያ አገር የተሰፋ ልብስ አይደለምና። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። በማይስማማው የወቅት ስም ሥር የተመዘገበ ሙቀት፣ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም እንኳ አንባቢውን ያሳስታል፤ ስሕተቱም ከወረቀት አልፎ በከብትና በሰው ሕይወት ላይ ይደርሳል።

አራቱ የቦረና ወቅቶች

እኛ በማዕከላዊውና በሰሜኑ ደጋ ያደግን ሰዎች ዓመቱን በሁለት ከፍለን ማየት ለምደናል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብና ብርድ፤ ከዚያ በኋላ ደረቅና ብራ ነው፤ በመካከሉ ደግሞ እንደ ዕድል የሚመጣ በልግ አለ። የመንግሥት የሥራ ዕቅድ፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት፣ የመንገድ ጥገና፣ የእህል ዋጋ ግምት ሁሉ በዚህ ሥርዓት ላይ የቆመ ነው።

ወደ ደቡብ ወርዶ የአዶላን ጫካ አልፎ የሊበን ሜዳ ላይ የደረሰ ሰው ግን ሌላ ዓመት ያገኛል። የቦረና ሰው ዓመቱን የሚከፍለው በአራት ነው። የመጀመሪያው «ገና» ይባላል፤ ናው ጠብቆ ይነበባልና ከልደት በዓል ስም ጋር አይምታታ። ይህ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት የሚዘልቀው ዋናው ዝናብ ነው። ሁለተኛው «አዶሌሳ» ነው፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ቀዝቃዛ፣ ደመናማ፣ ግን ደረቅ ወቅት። ሦስተኛው «ሐገያ» ነው፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚጥለው አጭር ዝናብ። አራተኛው «ቦና» ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ረጅሙና ሞቃቱ ደረቅ ጊዜ።

ይህን ከእኛው አከፋፈል ጋር ጎን ለጎን ብናስቀምጠው ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። እኛ ክረምት በምንለው ጊዜ ቦረና ደረቅ ነው። እኛ በጋ ገባ ብለን ጃንጥላችንን በምናስቀምጥበት በጥቅምት፣ ቦረና ሁለተኛ ዝናቡን ወደ ሰማይ አንጋጦ ይጠብቃል። ሁለቱ አገሮች የሚገናኙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ሁለቱም ይቀዘቅዛሉ። ነገሌን «ቆላ» የሚለውን ስም ብቻ ሰምቶ በሐምሌ ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ ጋቢውን ቤቱ ጥሎ ቢሄድ በማለዳው ደመናና ነፋስ መንቀጥቀጡ አይቀርም።

ስሞቹም ራሳቸው ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በሸዋና በወለጋ ኦሮምኛ «ገና» ማለት እኛ ክረምት የምንለው የሰኔና የሐምሌ ዝናብ ነው፤ በቦረና ግን የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ ነው። ቃሉ አንድ፣ ወሩ ሁለት ሆነ። ቃሉ ለወር የተሰጠ ስም ሳይሆን ለዋናው ዝናብ የተሰጠ ስም መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። በግእዝ «ሐጋይ» ደረቁ ወቅት ነው። ድምፁ የሚቀራረበው የቦረናው «ሐገያ» የዝናብ ወቅት ነው። በዶሎ በኩል ያለው የሶማሌ ሕዝብ ደግሞ የሰኔና የሐምሌን ደረቅና ነፋሻ ጊዜ «ሐጋ» ይለዋል። በድምፅ የሚቀራረቡ ሦስት ቃላት በሦስት አፍ ሦስት የተለያዩ ወቅቶችን ያመለክታሉ። እንግዲህ አንድ የመስክ ሠራተኛ አስተርጓሚውን «ዝናቡ በሐገያ ነው ወይስ በበጋ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ዓይነት መልስ እንደሚያገኝ መገመት አያዳግትም።

በሌላ በኩል ግን አራት ወቅት ለእኛም ባዕድ አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ባሕረ ሐሳብ ዓመቱን በመጸው፣ በሐጋይ፣ በጸደይና በክረምት ከፍሎ ያስቀመጠው ከብዙ ዘመን ጀምሮ ነው። መጸው ከመስከረም 26፣ ሐጋይ ከታኅሣሥ 26፣ ጸደይ ከመጋቢት 26፣ ክረምት ከሰኔ 26 ይጀምራሉ። በአካሄዳቸው ከቦረናው ሐገያ፣ ቦና፣ ገናና አዶሌሳ ጋር በብዙ የሚጠጋጉ ናቸው፤ የዝናቡ ባሕርይ ብቻ ይለያያል። ስለዚህ የደቡቡን ዓመት በአራት ከፍላችሁ መዝግቡ ማለት አዲስ ነገር ፍጠሩ ማለት አይደለም።

ፀሐይ፣ ነፋስና ደመና

የዚህ ልዩ አካሄድ ምክንያቱ ምንድር ነው? ነገሌ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 5 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ገደማ ላይ ትገኛለች። ይህን ያህል ለምድር ወገብ የቀረበ ቦታ ላይ የቀኑ ርዝመት ብዙ አይለዋወጥም፤ በዓመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከ40 ደቂቃ አይበልጥም። የቀትር ፀሐይም በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል በአናት ላይ ትቆማለች፤ አንደኛው በመጋቢት ማለቂያ፣ ሁለተኛው በጳጉሜን ገደማ ነው። በእነዚህ ቀናት በነገሌ አደባባይ የተተከለ ቀጥ ያለ እንጨት በቀትር ጥላ የለውም።

ፀሐይ ብቻዋን ብትገዛ ኖሮ ከተማይቱ በዓመት ሁለት እኩል የሙቀት ጫፎች ይኖሯት ነበር። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ትልቁ ሙቀት የሚመጣው በየካቲትና በመጋቢት መግቢያ፣ ፀሐይ ወደ አናት እየተጠጋች ሳለ፣ ሰማዩ ጠርቶ መሬቱም ፍጹም በደረቀበት ጊዜ ነው። እርጥብ መሬት የፀሐይን ኀይል ውሃ በማትነን ያጠፋዋል፤ ደረቅ መሬት ግን ኀይሉን በሙሉ አየሩን ለማሞቅ ይሰጠዋል። የገናው ዝናብ እንደ ጀመረ ሙቀቱ የሚሰበረውም ስለዚህ ነው። በጳጉሜን ፀሐይ ዳግመኛ በአናት ላይ ስትቆም ግን የአዶሌሳው ነፋስና ደመና ገና አልለቀቁምና ሁለተኛው ጫፍ ዝቅ ያለ ይሆናል።

አዶሌሳን የሚያመጣው ነፋስ በዓለም የሚቲዎሮሎጂ ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከደቡባዊው የሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው አየር የምሥራቅ አፍሪካን ከፍታ ታክኮ ወገቡን ይሻገርና በሶማሌ ጠረፍ በኩል ወደ ሕንድ ይታጠፋል። እንግሊዛዊው ሊቅ ፊንድላተር በ1969 እ.ኤ.አ. የዚህን ዝቅተኛ የነፋስ ጅረት አካሄድ በዝርዝር አሳይቷል። የዚሁ ነፋስ አንድ ቅርንጫፍ በኢትዮጵያና በኬንያ ከፍተኛ ቦታዎች መካከል ባለው በር፣ በቱርካና በኩል እየተጣደፈ ያልፋል። ነፋሱ ከቀዝቃዛው የደቡብ ንፍቀ ክበብ የመጣ ነውና ብርዱን ይዞ ይመጣል፤ በተዳፋቱ ላይ ሲወጣም ዝቅ ያለ ደመና ያለብሳል። ይሁን እንጂ አየሩ በዚያ አካባቢ እየፈጠነና እየተበተነ ስለሚሄድ ደመናው ቁመት አያገኝም፤ ከማለዳ ካፊያ ያለፈ ዝናብም አይሰጥም። ቦረና በሐምሌ ደመና ለብሶ ሳይጠጣ የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው። የደጋው ክረምት ግን ኀይሉን በይበልጥ የሚያገኘው በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ በኩል ከሚገባው እርጥብ አየር ነው።

ከፍታና ሌሊት

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በነገሌ በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል፤ በሐምሌ ግን ከ23 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ በአብዛኛው ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ባለው መካከል ይውላል። የወራቱን አማካይ ብቻ ያየ ሰው በሞቃቱና በቀዝቃዛው ወር መካከል ጥቂት ዲግሪ ብቻ አግኝቶ «ይህ አገር ወቅት የለውም» ሊል ይችላል። ይህ ግን አማካዩ የሸፈነው ሐሰት ነው። በቦና ቀን ከቀትሩ እስከ ንጋቱ ያለው ልዩነት ከወር እስከ ወር ካለው ልዩነት እጅግ ይበልጣል። የሐሩር አገር ክረምቱ ሌሊቱ ነው የሚለው የጂኦግራፊ ሰዎች የቆየ አባባል በቦረና በሚገባ ይረጋገጣል። በአዶሌሳ ደግሞ ደመናው ቀኑን ያቀዘቅዝና ሌሊቱን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ይጠባል። ሁለቱን ወቅቶች በደንብ የሚለየው እንግዲህ አማካዩ ሳይሆን በቀኑ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት መካከል ያለው ርቀት ነው።

ከወቅት ይልቅ ደግሞ ከፍታ ይገዛል። ያቤሎ ወደ 1,850 ሜትር፣ ክብረ መንግሥት ወደ 1,750 ሜትር፣ ነገሌ ወደ 1,500 ሜትር፣ ሞያሌ ከ1,100 ሜትር እምብዛም ያልራቀ፣ ዶሎ ኦዶ ደግሞ ገናሌና ዳዋ በሚገናኙበት ከ200 ሜትር ባልራቀ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በጥቅሉ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ለውጥ አለ ብንል፣ በነገሌና በዶሎ መካከል ብቻ ከ8 ዲግሪ በላይ ልዩነት ይኖራል። ይህም ነገሌ ራሷ ከየካቲት እስከ ሐምሌ ከምታየው የወር አማካይ ልዩነት ይልቃል። በዶሎ ቴርሞሜትሩ ከ35 ዲግሪ በላይ መውጣቱ የሚያስገርም አይደለም፤ በያቤሎ ግን ይህ ያልተለመደ ነው። በተለመደው አከፋፈላችን 1,500 ሜትር የቆላና የወይና ደጋ ወሰን መሆኑን ካስታወስን፣ ነገሌ በወሰኑ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ያቤሎ ደግሞ በግልጥ ወይና ደጋ ነው። «የደቡብ ቆላ ከተሞች» የሚለው የለመድነው አጠራር ራሱ እነዚህን ሁሉ በአንድ ማሰሪያ ስላሰረ ልዩነታቸውን ይደብቃል።

ልዩነቱ የሚታየው በቴርሞሜትር ብቻ አይደለም። ከ2001 እስከ 2004 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ከሶማሊያ ድርቅና ጦርነት ለሸሹ ስደተኞች በዶሎ ኦዶ አካባቢ ቦቆልማዮ፣ መልካዲዳ፣ ቆቤ፣ ሂላወይንና ቡራሚኖ የተባሉ አምስት ሰፈሮች ተቋቁመዋል። በደጋ ተቀምጦ የድንኳን ብዛት የሚቆጥር ዕቅድ አውጪና በዚያ ሙቀት በድንኳን ውስጥ ሕፃን የምታጠባ እናት ስለ «መጠለያ» ሲናገሩ አንድ ነገር የሚናገሩ አይደሉም። በነገሌ የሚያስመሰግን የቆርቆሮ ቤት በዶሎ ቀትር ላይ ምድጃ ነው።

የቦና ዋጋ

ሙቀት ከውሃ እጦት ጋር ሲገናኝ ይገድላል። በቦና ሙቀቱም ጥማቱም አብረው ይከፋሉ። በዚህ ጊዜ ሣሩ ደርቆ ኩሬው ይጎድላል፤ ሕዝቡም ወደ ጥልቅ ጉድጓዶቹ ወደ ኤላዎቹ ይሰበሰባል። ዘጠኙ የቱላ ጉድጓዶች በዓለም የታወቁ ናቸው። ወንዶች በእርከን ላይ ተደራርበው ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ከእጅ ወደ እጅ ውሃውን ያወጡታል። ማን መቼ እንደሚያጠጣ የሚወስነው አባ ሄሬጋ ነው። ከብቱ በየቀኑ አይጠጣም፤ በየሦስት ቀኑ ብቻ ነው። የሚታለቡት ላሞች ከመንደሩ አጠገብ በ«ዋራ» ይቀራሉ፤ የቀሩት በ«ፎራ» ሩቅ ግጦሽ ፍለጋ ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ ለዘመናት በልምድ የተሰላ የሙቀትና የውሃ ሒሳብ ነው። አያንቱ የተባሉት የዘመን አዋቂዎች ጨረቃንና ከዋክብትን እየተመለከቱ 12 ወራትና 27 የቀን ስሞች ያሉትን ቀመር እንደሚጠብቁ አስመሮም ለገሠ በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስለ ገዳ በተጻፈው መጽሐፋቸው በስፋት አስረድተዋል። የገዳ ሥርዓትም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

የቦና ጥማት በአገራችን የፖለቲካ ታሪክ ውስጥም አሻራውን ትቷል። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ሰፍሮ የነበረው የምድር ጦር ብርጌድ ወታደሮች መኮንኖቻቸውን አሰሩ። ከቅሬታዎቻቸው መካከል ዋናዎቹ የምግቡ ክፋትና የውሃው ጉዳይ ነበሩ፤ የወታደሮቹ የውሃ መሳቢያ ተበላሽቶ ሳለ መኮንኖቹ የራሳቸውን ጉድጓድ አናካፍልም ብለው ነበር። ሁኔታውን አጣርተው እንዲመለሱ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለም ተይዘው ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውን እንዲጠጡ ተደረገ። የዚያ ዓመት አብዮት የመጀመሪያ ብልጭታ ከነገሌ ተነሣ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ለአብዮቱ ብዙ ምክንያቶች ነበሩት፤ የአየር ጠባይ አመጣው ማለት ከእውነት መራቅ ይሆናል። ይሁን እንጂ ቀኑን ልብ እንበል። ጥር በቦና መካከል ነው፤ የሐገያው ዝናብ ካለፈ ወር አልፎታል፤ ገናው ደግሞ ሁለት ወር ይቀረዋል። በሐምሌ ደመና ሥር የተበላሸ መሳቢያ የጥገና ጉዳይ ሆኖ ሊቆይ ይችል ነበር፤ በጥር ፀሐይ ግን የሕይወት ጉዳይ ሆነ።

የሙቀት ወሰን ያላት ወፍ

ሰው ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ከብት ይነዳል፤ ቤት ይሠራል። ይህን ማድረግ የማይችል ፍጡር ደግሞ የሙቀቱን ወሰን ከእኛ ይልቅ በግልጥ ያሳየናል። በያቤሎ፣ በአረሮና በሜጋ መካከል ባለው ጠባብ አገር ብቻ የምትኖር፣ በዓለም ሌላ ቦታ የማትገኝ አመድማ የቁጥቋጦ ቁራ አለች፤ ጣሊያናዊው ሞልቶኒ በ1938 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቃት ናት። ለረጅም ጊዜ ሊቃውንቱን ያስቸገረው ጥያቄ ወሰኗን የከለላት ምንድር ነው የሚል ነበር። ከወሰኗ ውጭም ያው ግራር፣ ያው ሣር፣ ያው አፈር አለና። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት መልሱን ያገኘው በሙቀት ውስጥ ነው። ወፏ የምትኖርበት ቦታ በዙሪያው ካለው አገር ቀዝቀዝ ያለ፣ አማካይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች የሆነ ደሴት መሰል ከፍታ ነው። ከዚያ መስመር ስትወርድ ትጠፋለች። ግድግዳ የለም፤ ወንዝ የለም፤ ያለው በዓይን የማይታይ የጥቂት ዲግሪ ልዩነት ብቻ ነው።

ይህ ምሳሌ ለእኛ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ በቆላ ውስጥ የጥቂት ዲግሪ ልዩነት የሕይወት ወሰን ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ወሰኑ እየተንቀሳቀሰ ነው። በኢትዮጵያ ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሏል። በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ በሚለው ስሌት፣ 1.3 ዲግሪ ማለት 200 ሜትር ወደ ቆላ መውረድ ማለት ነው። በ1,500 ሜትር ላይ የቆመችው ነገሌ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ አየሯ 200 ሜትር ወደ ቆላ ወረደ እንደ ማለት ነው። ለደጋ ሰው ይህ ምናልባት የሚያስደስት ለዘብታ ይሆን ይሆናል፤ ወሰን ላይ ለቆመ ግን እንዲያ አይደለም።

ደጋው በጠገበበት ዓመት

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ስለ ስምና ስለ ልኬት ብቻ ቢመስል፣ ቀጥዬ የምናገረው ጉዳዩ ለምን አንገብጋቢ እንደሆነ ያሳያል። የደቡቡ ዓመት ከደጋው ዓመት ጋር የማይገጥመው በወራት ብቻ አይደለም፤ በመልካምና በክፉ ዓመቱም ብዙ ጊዜ ተቃራኒ ነው። የፓሲፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ፣ ኤልኒኖ በሚባለው ጊዜ፣ የሰሜኑ ክረምት ይዳከማል፤ የደቡቡ ሐገያ ግን ብዙውን ጊዜ ይበረታል። ውቅያኖሱ ሲቀዘቅዝ፣ ላኒና በሚባለው ጊዜ፣ ነገሩ ይገለበጣል።

ምሳሌዎቹ ከእኛው ዘመን ናቸው። በ2007 ዓ.ም. በኤልኒኖ ምክንያት የሰሜኑና የምሥራቁ ክረምት ከሸፈ። በቀጣዩ ዓመት ፓሲፊክ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተራው የደቡብ ሆነና የ2009 ዓ.ም. ሐገያ ከሸፈ። ከዚያ በፊት በ2003 ዓ.ም. ሐገያውም ገናውም ተከታትለው ጠፍተው ነበር። ከሁሉም የከፋው ግን ከ2013 ዓ.ም. ሐገያ እስከ 2015 ዓ.ም. ሐገያ ድረስ አምስት ዝናቦች ሳይቋረጡ የከሸፉበት ዘመን ነው። በአገሪቱ የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ ቆላዎች በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አለቀ። በዚሁ ዘመን መግቢያ፣ በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ አዋሽ ሞልቶ ሰው ያፈናቅል ነበር። በአዲስ አበባ ተቀምጦ ዝናቡን በመስኮት የሚያይ ሰው «ዓመቱ የጥጋብ ነው» ቢል በዓይኑ ያየውን ተናገረ፤ ግን ስለ ቦረና ምንም አልተናገረም። በ2016 ዓ.ም. ኤልኒኖ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ሐገያው ከመጠን አልፎ በሶማሌ ክልል ጎርፍ ሆነ።

በዚህም ላይ የሙቀት ድርሻ አለ። ዝናብ የከሸፈበት ወቅት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ሞቃት ነው፤ ደመናው የለም፤ የደረቀውም መሬት የሚያተንነው ውሃ የለውም። ከብቱ ይበልጥ በሚጠማበት ጊዜ ኩሬው ይበልጥ ይተንናል። ከዚያም ሲጠበቅ የነበረው ዝናብ ሲመጣ፣ ሌሊቱ በድንገት ይቀዘቅዝና በረሃብ ሥጋውና ስቡ ያለቀው ከብት በዝናቡ ብርድ ይሞታል። አርብቶ አደሩ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ድርቁን ተሻግሮ በመጀመሪያው የዝናብ ሌሊት ላሙን ማጣት የሚያንገበግብ ነገር ነው። እንግዲህ «ዝናብ ዘነበ፤ ድርቁ አበቃ» ብሎ የሚዘጋ የጽሕፈት ቤት መዝገብ የሚዘጋው ሌላ ሞት በሚጀምርበት ቀን ሊሆን ይችላል።

ምን ይደረግ?

በ1973 ዓ.ም. የተቋቋመው የብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ድርጅት፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ የሚጠራው፣ የወቅት ትንበያውን በሦስት ስም ያወጣል፤ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር። ባለሙያዎቹ በጋ ለደቡብና ለደቡብ ምሥራቅ አካባቢዎች የዝናብ ወቅት መሆኑን ያውቃሉ፤ በትንበያቸውም ውስጥ ይገልጡታል። ችግሩ ያለው በእውቀቱ ላይ ሳይሆን በርእሱ ላይ ነው። «የበጋ ትንበያ» የሚል ርእስ ያነበበ የወረዳ ሹም ወይም ጋዜጠኛ ስለ መኸር መሰብሰቢያ የሚነገር መስሎት ገጹን ሊያልፈው ይችላል። ያ ገጽ ግን ለቦረና ከብት የሞትና የሕይወት ገጽ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት አራት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ደቡብ ቆላ የምንጽፈው ጽሑፍ፣ የምናወጣው ካርታና የምናዘጋጀው የማስተማሪያ መጽሐፍ ወቅቶቹን በአገሩ ስም ይጥራ፤ ከስሙም ጋር ወራቱን ይጻፍ። ገና፣ አዶሌሳ፣ ሐገያ፣ ቦና ብሎ መጻፍ፤ ለዶሎና ለፊልቱ አካባቢ ደግሞ ሶማሌዎቹ የሚሏቸውን ጉ፣ ሐጋ፣ ደይርና ጂላልን መጨመር ከባድ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛ፣ አማካይ ሙቀትን ለብቻው አናውጣ። የቀኑን ከፍተኛና የሌሊቱን ዝቅተኛ ለየብቻ እናስፍር፤ የጣቢያውንም ከፍታ ሳንጽፍ አንለፍ። ከፍታው ያልተጻፈበት የቆላ ሙቀት፣ መንገዱ ያልተነገረበት ርቀት ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የሥራና የትምህርት ዘመን ዕቅድ በሚወጣበት ጊዜ የሙቀቱ ቀን መቁጠሪያ ይታይ። ዛሬ በደቡብ ቆላ ያለ ተማሪ በቀዝቃዛው አዶሌሳ ዕረፍት ላይ ሆኖ በቦና ሙቀት፣ ያውም ከብቱ ፎራ በሚሄድበትና ቤተ ሰቡ የእርሱን ጉልበት እጅግ በሚፈልግበት ወር፣ ክፍል ውስጥ እንዲቀመጥ ይጠየቃል። ይህን ማስተካከል የእኛ ሥልጣን አይደለም፤ ለሚያስተካክለው አካል ቁጥሩን ማቅረብ ግን የእኛ ግዴታ ነው።

አራተኛ፣ በነገሌ፣ በሞያሌና በመሰል ከተሞች ማልደው ተነሥተው መለኪያውን የሚያነቡትን ጣቢያ ጠባቂዎች አንርሳ። በዚህ ንግግር ከተጠቀሱት የሙቀት ቁጥሮች አብዛኞቹ የእነርሱ ዓይንና የእነርሱ ማለዳ ውጤቶች ናቸው። የአንድ ቀን ንባብ ትርጉም የለውም፤ የሠላሳ ዓመት ንባብ ግን አገርን ይገልጣል። በመካከሉ የተቋረጠ መዝገብ እንደ ተበጠሰ ክር ነው፤ ቢቋጠርም ቋጠሮው ይታያል።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ የአየር ጠባይ ለሚያጠና ሰው ትልቁ ፈተና መለካት አይደለም፤ የለካውን በማን ዓመት ላይ እንደሚያሰፍረው ማወቅ ነው። በቦረና ምድር የሚኖረው ሕዝብ ዓመቱን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ስሙን ሰጥቶታል፤ ጉድጓዱንና ከብቱን በእርሱ ልክ አደራጅቷል። ከእኛ የሚጠበቀው ሳይንሳችንን በዚያ ዓመት ላይ አስተካክለን ማስፈር ነው። በሚቀጥለው ጥቅምት «በጋ ገባ» ስንል፣ በነገሌ ሰው ሁሉ ሰማዩን እየተመለከተ ዝናብ የሚጠብቅበት ወር መሆኑን አንዘንጋ።